ወይራ በሸክላ፦ በሰሜን ተራሮች ግርጌ ቦንሳይን መጀመር

ቦንሳይ በዝርግ ዕቃ ውስጥ ተተክሎ፣ ሥሩና ቅርንጫፉ በየጊዜው እየተገረዘ፣ የትልቅ ዛፍ መልክ እንደያዘ ትንሽ ሆኖ የሚኖር ዛፍ ነው። ቃሉ የጃፓን ነው፤ «ቦን» ዝርግ ዕቃውን፣ «ሳይ» ተከላውን ይገልጻል። ብዙ ሰው ቦንሳይን ከተፈጥሮው ድንክ የሆነ ልዩ የዛፍ ዘር አድርጎ ያስበዋል። እንዲህ ያለ ዘር የለም። በሰሃን ላይ ክንድ የማይሞላው ዛፍ ሜዳ ላይ ተተክሎ ቢሆን ኖሮ ከቤት ጣሪያ በላይ ይመዘዝ ነበር። ከእርሱ ፍሬ ለቅሞ የሚዘራም የሚያገኘው ሙሉ ቁመት ያለው ዛፍ ነው። ትንሽነቱ የሚመጣው ከአያያዙ ነው።

ይህን ለማየት ጃፓን ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ከደባርቅ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚገባ መንገደኛ 3,250 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሳንቃ በር ሲደርስ በአስታ ዛፎች መካከል ያልፋል። ከነፋስ በተከለለው ረባዳ ስፍራ አስታው ከሰው ቁመት ብዙ እጥፍ ያድጋል፤ ከቅርንጫፎቹም እንደ ሽማግሌ ጺም የሚንጠለጠል ግራጫ የዛፍ ሽበት ይታያል። ወደ ገደሉ አፋፍ ሲጠጉ ግን ያው አስታ ከወገብ በታች ይቀራል። ግንዱ ጎብጧል፣ ቅርንጫፎቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ አንድ ወገን አዙረዋል፣ ግማሹ ደርቆ ነጥቷል፣ ግማሹ አሁንም ይለመልማል። ከዚያም በላይ፣ 3,700 ሜትር ገደማ ላይ፣ ቦታውን ለሣርና ለጅብራ ይለቃል።

ሁለቱ አስታዎች ዘራቸው አንድ ነው፤ የለያያቸው የበቀሉበት ቦታ ነው። በአፋፉ ላይ ያለው አፈር ድንጋዩን የቀባው ያህል ስስ ስለሆነ ሥሩ የሚዘረጋበት የለውም። ነፋሱ ለጋውን ጫፍ ያደርቀዋል፤ ነፋስ የተወውን የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ይቀጥፈዋል። ጫፉ በሞተ ቁጥር ከጎን ያሉት እምቡጦች ይነሣሉ፣ እነርሱም በተራቸው ይቀጠፋሉ። ቁመቱ እንዲህ ሲገታ ግንዱ ግን ጥቂት በጥቂት መወፈሩን አይተውም። ዝቅ ብሎ በዳባትና በደባርቅ ዙሪያ ደግሞ የነፋሱን ሥራ ፍየል ትሠራዋለች። በግጦሽ መሬት ላይ የበቀለ ወይራ ጫፉ ዓመት ከዓመት እየተቀነጠበ ከጉልበት ሳያልፍ ይኖራል፤ ከሥሩ ላይ ግን ግንዱ የሰው ክንድ ሊያክል ይችላል። በዕድሜ የገፋ፣ በቁመት ያልገፋ ዛፍ ማለት ይህ ነው።

የቦንሳይ አሳዳጊ የሚያደርገውም በመሠረቱ ይህንኑ ነው፦ ሥሩን በትንሽ ቦታ ይገታል፣ ጫፉን ይቆርጣል፣ ቅርንጫፉን ያጎብጣል። በአንድ ነገር ግን ከተራራው ይለያል። ተራራው ሳይመግብ ይቀጣል፤ አሳዳጊው ግን መመገብም ማጠጣትም አለበት። «ቦንሳይ ዛፍን አስርቦ ማቀጨጭ ነው» የሚለው አነጋገር ስለዚህ ትክክል አይደለም። እንዲያውም በሰሃን ያለ ዛፍ መሬት ላይ ካለው ይልቅ ውኃና ምግብ ቶሎ ቶሎ ይፈልጋል፤ ሥሩ ሩቅ ሄዶ የሚፈልግበት ስፍራ የለውምና።

መግረዝ ዛፍን ለምን እንደሚያሳጥር ብቻ ሳይሆን ለምን እንደሚያለብሰውም ማወቅ ለጀማሪ ይጠቅማል። በቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ያለው እምቡጥ ኦክሲን የተባለ ሆርሞን ያመነጫል። ሆርሞኑ ወደ ታች እየወረደ የጎን እምቡጦችን አስተኝቶ ያቆያቸዋል። ጫፉ ሲቆረጥ ይህ ትእዛዝ ይቋረጥና የተኙት ይነቃሉ፤ በአንዱ ፋንታ ሁለትና ሦስት ቅርንጫፍ ይወጣል። ይህ ሲደጋገም ቅርንጫፉ እየበዛ፣ ቅጠሉም እያነሰ ይሄዳል። አበባና ፍሬ ግን በዚህ መንገድ አያንሱም፤ ፍሬ የሚያፈራ ቦንሳይ ላይ የሚታየው ፍሬ መጠኑ እንደ ወትሮው ነው።

ጥበቡ የተጀመረው በቻይና ነው። እ.ኤ.አ. በ706 በተሠራ የአንድ የታንግ ሥርወ መንግሥት ልዑል መቃብር ግድግዳ ላይ ትንንሽ ዛፍና ድንጋይ ያለበት ሰሃን ተሸክመው የሚሄዱ አገልጋዮች ተሥለዋል። ጃፓኖች ከቻይና ተቀብለው በራሳቸው መንገድ አሳደጉት። እ.ኤ.አ. በ1923 ቶኪዮን ያወደመው የመሬት መንቀጥቀጥ ካለፈ በኋላ ቦንሳይ አሳዳጊዎች ከከተማዋ በስተሰሜን ወደሚገኘው ኦሚያ ተሻግረው በ1925 የቦንሳይ መንደር መሠረቱ፤ መንደሩ ዛሬም የጥበቡ ዋና ማዕከል ነው። ቦንሳይ ስንት ዘመን ሊኖር እንደሚችል የሚያሳየው ግን ከ1625 ጀምሮ በሰሃን ያደገው የያማኪ ቤተሰብ ነጭ ፓይን ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 6 ቀን 1945 ሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ ሲጣል ዛፉ ከፍንዳታው ቦታ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከግንብ አጥር ጀርባ ነበረና ተረፈ። በ1976 ቤተሰቡ ለአሜሪካ ሕዝብ በስጦታ ሰጠው፤ ዛሬ በዋሽንግተን ብሔራዊ የዕፀዋት ማዕከል ይገኛል። ከሂሮሺማ መትረፉ እዚያ የታወቀው በ2001 የባለቤቱ የልጅ ልጆች ሊጎበኙት ሲመጡ ነው። ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ በየቀኑ ውኃ የጠጣ ዛፍ ነው፤ አንድ ወቅት ቢዘነጋ ኖሮ ይህ ሁሉ ዘመን ባልተቆጠረለት ነበር።

ጀማሪ የመጀመሪያ ዛፉን ሲመርጥ ከሩቅ አገር የሚመጣውን ከመመኘት በአካባቢው አየር የለመደውን ቢይዝ ይሻለዋል። ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሌሊቷ ቀዝቃዛ፣ ቀኗ ፀሐያማ፣ በጋዋ ደረቅ ነው። በዚህ ሁሉ መካከል ተወልዶ ያደገ ዛፍ አለ፤ እርሱም ወይራ ነው። ወይራ በዳባትና በደባርቅ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢዎች ከጥድ ጋር ጎን ለጎን ይገኛል። ቅጠሉ ትንሽና ጠንካራ ነው፣ ድርቅ ይችላል፣ ሲቆረጥ ከአሮጌው እንጨት ላይ እንኳ አዲስ ቀንበጥ ያወጣል። ጀማሪ ቢሳሳትበት ይቅር የሚል ዛፍ ነው። በደቡብ አፍሪካ ቦንሳይ የሚያሳድጉ ሰዎችም ይህንኑ የዱር ወይራ ከሁሉ አብልጠው ከሚይዟቸው ዛፎች መካከል ይቆጥሩታል። የወይራን ጭስ ለወተት ዕቃና ለጠላ ጋን የሚያውቅ ቤተሰብ ወይራን በሸክላ ውስጥ ሲያሳድግ ከባዕድ ነገር ጋር አይተዋወቅም።

ጥድም ያምራል፤ ነገር ግን አንድ ጠባይ አለው። አረንጓዴ ያልቀረበት ቅርንጫፍ ዳግም አይለመልምም፤ ስለዚህ ሲገረዝ በየቅርንጫፉ ላይ ጥቂት ቅጠል መተው ግድ ነው። ቅጠሉ ደቃቅ የሆነው ቀጨሞ መቀስ ስለሚችል ለትንሽ ቦንሳይ ይስማማል። ዝቅ ባለውና በሞቃቱ አገር ጭብሃ ከቁራጭ እንጨት በቀላሉ ስለሚበቅል መልካም ጅማሬ ነው። ኮሶ፣ ዋንዛና ብሳና ቅጠላቸው ሰፊ ስለሆነ በሰሃን ላይ ዛፍ መምሰል አይችሉም። ባሕር ዛፍ እድገቱ እጅግ ፈጣን ነውና መቀስ አይደርስበትም። ጅብራ ደግሞ መልኩ ቢያማልልም የሚቀረጽ ቅርንጫፍ የለውም፤ አንድ ጊዜ አብቦ የሚሞት ተክል ነው። አስታስ? ሥሩ እንደ ጸጉር ቀጭን ስለሆነና መነካካት ስለማይወድ ልምድ ላለው ሰው የሚተው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠበቅ አድርጎ መናገር ያስፈልጋል። በሳንቃ በር አፋፍ ላይ ያለው ጎባጣ አስታ ለቦንሳይ አይነቀልም። ፓርኩ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው፤ በ1978 ደግሞ ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ከመዘገባቸው የመጀመሪያዎቹ 12 ስፍራዎች አንዱ ሆኗል። ከ1996 እስከ 2017 ድረስ አደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ቆይቶ በብዙ ድካም ወጥቷል። ከፓርኩ ችግኝ መንቀል የተከለከለ ነው፤ ባይከለከል እንኳ አሮጌ ዛፍ ከዓለት ስንጥቅ ሲነቀል ሥሩ ተበጣጥሶ አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል። ጃፓኖች በተራሮቻቸው ላይ ያረጁ የሺምፓኩ ጥዶችን ለቦንሳይ እየነቀሉ ሊጨርሷቸው ደርሰው ነበር። ያ ስሕተት እዚህ መደገም የለበትም። አስታው ባለበት ይታይ፤ መልኩ በዓይን ይወሰድ።

ዛፉ የሚገኘው ከችግኝ ጣቢያ ነው። በየክረምቱ ለተከላ ከሚፈሉት ችግኞች መካከል ወይራና ጥድ አሉበት። ደን የሚያለማ ሰው ቀጥ ያለውንና ረጅሙን ይመርጣል፤ ለቦንሳይ የሚፈለገው ግን እርሱ ጉድለት ብሎ የሚተወው ነው፦ ከሥሩ ላይ ጠመም ያለ፣ ዝቅ ብሎ ቅርንጫፍ ያወጣ፣ ከአፈሩ ወለል ላይ ሥሩ ዙሪያውን የተዘረጋ። ሁለቱ ፈላጊዎች ስለማይሻሙ የችግኝ ጣቢያ ሠራተኞች እንዲህ ያለውን ለመስጠት አይቸገሩም። ከፍሬው መጀመር የሚፈልግ ሰው የወይራ ፍሬ አጥንቱ ጠንካራ መሆኑን ማወቅ አለበት፤ ጫፉ በጥንቃቄ ካልተሰነጠቀ ወራት ይቆያል።

አብዛኛው ጀማሪ የሚወድቀው በቀጣዩ ደረጃ ላይ ነው። ችግኙን እንዳገኘ በሚያምር ሰሃን ይተክለዋል። ከዚያ በኋላ ዛፉ አሥር ዓመት ቢቀመጥ ግንዱ ከእርሳስ ብዙም አይወፍርም፤ ምክንያቱም ግንድ የሚወፍረው ቅጠልና ሥር በነጻነት ሲበዙ ነው፤ ሰሃን ደግሞ ይህን ነጻነት ይነሣል። ስለዚህ በመጀመሪያ ግንዱ፣ ሰሃኑ ኋላ። ችግኙ በጓሮ መሬት ላይ፣ ቦታ ከሌለም በትልቅ ባልዲ ውስጥ ተተክሎ ቢያንስ አምስት ዓመት እንዲያድግ መተው አለበት። ሲተከል በፕላስቲኩ ውስጥ የተጠማዘዘው ሥር ይቆረጣል፤ ከሥሩ በታችም ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም የምጣድ ገል ይነጠፋል። ገሉ ሥሩን ወደ ታች ከመውረድ አግዶ ወደ ጎን ያዘረጋዋል፤ በኋላ ዛፉ በሰሃን ላይ ሲቀመጥ ዕድሜ ያለው የሚያስመስለው ይህ የተዘረጋ ሥር ነው። ከታች በኩል የወጣ አንድ ቅርንጫፍ ሳይነካ እንዲረዝም ቢተው ከበታቹ ያለውን ግንድ ያወፍረዋል፤ ሥራውን ሲጨርስ ይቆረጣል። ትልቅ ቁስል በሰም ቢሸፈን አይደርቅም። በእነዚህ ዓመታት ዋናው ሥራ ከፍየልና ከበግ መጠበቅ ነው።

ግንዱ ሲደርስ ዕቃው ይታሰባል። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ወለቃ በሸክላ ሥራዋ የታወቀች ስለሆነች ዝርግ ሸክላ ማሠራት ለአካባቢው ሰው ሩቅ አይደለም። ልማዱ የዕቃው ጥልቀት ከግንዱ ውፍረት ጋር እንዲመጣጠን፣ ርዝመቱ ደግሞ የዛፉን ቁመት ሁለት ሦስተኛ ያህል እንዲሆን ነው። ከታች ቢያንስ ሁለት ቀዳዳ ያስፈልገዋል፤ ቀዳዳው ሸክላው ከመተኮሱ በፊት እንዲበሳ ለሠሪዋ መንገር ይገባል፤ ከተተኮሰ በኋላ ሲበሳ ይሰነጠቃልና። በቀዳዳዎቹ ላይ የወንፊት ቁራጭ ይደረጋል፤ በእነርሱ በኩል ሽቦ ገብቶም ዛፉ ከሸክላው ጋር ይታሰራል። በደባርቅ ነፋስ ያልታሰረ ዛፍ ይነቃነቃል፤ ሲነቃነቅም አዲሱ ሥር ይበጠሳል።

አፈሩ ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ማሳ ላይ ስንዴና ባቄላ የሚያበቅለው ጥቁር ዋልካ ሰሃን ውስጥ ሲገባ ገዳይ ነው፤ ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ እንደ ጡብ ይጠነክራል፣ ሥሩም ትንፋሽ ያጣል። ለቦንሳይ የሚስማማው ውኃ ወዲያው የሚያሳልፍ፣ ግን ርጥበት የሚይዝ ጠጠራማ አፈር ነው። ጃፓኖች አካዳማ የሚባል ደረቅ ሸክላማ ጠጠር ይጠቀማሉ። የሰሜን ተራሮች በእሳተ ገሞራ የተሠሩ ናቸውና በአካባቢው ቀዳዳ የበዛበት ቀላል ድንጋይ ማግኘት ይቻላል፤ እርሱ ከሌለም የተፈጨ ገል በደንብ ይተካዋል። ከስንዴ ቅንጣት እስከ ሽምብራ የሚያክለው በወንፊት ተለይቶ ደቃቁ ዱቄት ይጣላል። ሁለት እጅ እንዲህ ያለ ጠጠር ከአንድ እጅ በደንብ ከበሰበሰ ኮምፖስት ጋር ሲቀላቀል ለወይራ ይበቃል።

ከጃፓን ወይም ከአውሮፓ የመጣ መመሪያ «በጸደይ መጀመሪያ አዛውር፣ በመከር ቅጠል ሲረግፍ ግረዝ» ይላል። እነዚያ አገሮች ክረምታቸው በረዶ፣ ዛፋቸውም የሚያንቀላፋ ነው። ሰሜን ተራሮች ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 13 ዲግሪ ላይ ስለሆኑ የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ብዙ አይለዋወጥም፤ ዛፉን የሚቀሰቅሰው ዝናብ፣ የሚያስተኛው ደረቅነትና ውርጭ ነው። የደጋ ቦንሳይ አቆጣጠር እንግዲህ በክረምትና በበጋ ይመራል። ዕቃ መቀየርና ሥር መግረዝ የሚሻለው ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሰኔ፣ ዝናቡ ሊይዝ ሲል ነው፤ የተቆረጠው ሥር ወዲያው ርጥበትና ሙቀት ያገኛል። ወይራ በየሁለት ወይም በየሦስት ዓመቱ ከሸክላው ወጥቶ የሥሩ አንድ ሦስተኛ ያህል ተቆርጦ በአዲስ አፈር ይመለሳል። ሥሩ በተቆረጠበት ወቅት ቅርንጫፉን በሽቦ ማስጨነቅ አይገባም፤ አንዱ ሥራ በአንድ ወቅት ይበቃል።

የክረምቱ ችግር ውኃ መብዛቱ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ በማያባራበት ጊዜ ከሸክላው በአንድ ወገን ሥር ድንጋይ ተወትፎ ዘንበል ቢደረግ ውኃው በቶሎ ይወርዳል። በረዶ ሲጥል ወደ ጣሪያ ሥር ማስገባት ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ውርጭ ደግሞ በተለየ መንገድ ይጎዳል። መሬት ላይ ያለ ዛፍ ሥሩ በአፈር ጥልቀት ይጠበቃል፤ በዝርግ ሸክላ ያለው ግን ሥሩ ከውርጩ የሚለየው በጥቂት ጣት ነው። በዚህ ወራት ሸክላው ከግድግዳ ተጠግቶ መሬት ላይ እንዲቀመጥ፣ ዙሪያው በጭድ እንዲሸፈን ወይም እስከ አፉ በጓሮ አፈር እንዲቀበር ማድረግ ያድነዋል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ነፋሱና ፀሐዩ አብረው ሲያይሉ በቀን አንድ ጊዜ፣ አንዳንዴም ጠዋትና ማታ ማጠጣት ግድ ይሆናል።

ውኃ በቀን ቁጥር አይጠጣም። ጣት አፈሩ ውስጥ ሲገባ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ታች ደርቆ ከተገኘ ያን ጊዜ ይጠጣል፤ ሲጠጣም ከቀዳዳው እስኪወርድ ድረስ ነው። ላዩን ብቻ ረጭቶ መተው ሥሩን ያስጠማል። ምግቡ በውኃ የቀጠነ የኮምፖስት ዝልል ቢሆን ይበቃል፤ ዩሪያ እንደ ማሳው ከተበተነበት ሥሩ ይቃጠላል። ቦታው ደጅ ነው። በከተማ ቦንሳይን ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥን አጠገብ ማስቀመጥ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ወይራም ጥድም ፀሐይ ካላዩ በጥቂት ወራት ይመነምናሉ። በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው በረንዳው ፀሐይ ካገኘ ወይራውን እዚያ ያኑር፤ ካላገኘ መስኮት ሥር የሚኖር ፋይከስ ይምረጥ። ክሽክሽና ቅርፊት መሳይ ተባይ ሲታይ በሳሙና ውኃ በተነከረ ጨርቅ ቅጠሉን መጥረግ አብዛኛውን ጊዜ ይገላግላል።

ቅርጽ ማውጣት የሁሉም ተወዳጅ ክፍል ነው፤ ጊዜው የሚደርሰው ግን ዛፉ ከሸክላው ከተላመደ በኋላ ነው። ሽቦው የቅርንጫፉን ውፍረት አንድ ሦስተኛ የሚያህል ሆኖ በሰያፍ ይጠመጠማል፤ ከዚያ ቅርንጫፉ በሁለት እጅ ቀስ እየተባለ ይታጠፋል። ከኤሌክትሪክ ገመድ የተገፈፈ መዳብ ይሠራል፤ በፍም ላይ ግሎ ከቀዘቀዘ ይለሰልሳል። ሽቦ የሌለው ሰው ትንሽ ድንጋይ በሲባጎ አስሮ ከቅርንጫፉ ላይ ቢያንጠለጥል ክብደቱ ቀስ በቀስ ያወርደዋል፤ ይህ ዘዴ ቅርፊት ስለማያቆስል ለጀማሪ ከሽቦው ሊሻል ይችላል። ሽቦ በየሳምንቱ ይታያል፤ ቅርፊቱን መንከስ ሲጀምር ሳይጎተት በመቁረጫ እየተቆራረጠ ይወገዳል። የሽቦ ጠባሳ ለዓመታት አይጠፋም።

ጃፓኖች የቦንሳይ ቅርጾችን በስም ለይተዋቸዋል፦ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ዘንበል ያለ፣ እንደ ገደል ዛፍ ወደ ታች የሚንጠለጠል፣ በድንጋይ ላይ ሥሩን ያቀፈ። ከሁሉም ለዚህ አገር ሰው ቅርቡ «ፉኪናጋሺ» የሚሉት፣ ቅርንጫፉ ሁሉ ነፋስ እንደነዳው ወደ አንድ ወገን የሄደ ቅርጽ ነው። ጃፓኖች ይህን የተማሩት ከባሕር ዳርቻዎቻቸውና ከተራሮቻቸው ነው፤ የደባርቅ ሰው ከሳንቃ በር አፋፍ ሊማረው ይችላል። አንድ ወጣት ወይራ ይዞ ከመቁረጡ በፊት ወደዚያ ወጥቶ አስታው ነፋሱን በየት በኩል እንደተቀበለ፣ ቅርንጫፉ ከግንዱ በየት ላይ እንደተነሣ፣ የደረቀው እንጨት ከሕያው ጋር እንዴት እንደሚገናኝ በወረቀት ላይ ነድፎ ቢመለስ ከየትኛውም መጽሐፍ የበለጠ ይጠቅመዋል።

ለመጀመር የሚያስፈልገው አንድ ወይራ ችግኝ፣ አንድ መቀስ፣ የገል ጠጠርና የጓሮ ጥግ ነው። ችግኙ የሚታደለው በሰኔና በሐምሌ ነው፤ ዘንድሮ መሬት የያዘ ወይራ ወደ ሸክላው የሚገባው ከአምስተኛው ክረምት በኋላ ነውና በዚህ ክረምት ይተከል።